አስማእ ከሐበሻ ይዛው የሄደችው ቃሬዛ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ባለፈው ክረምት እዚህ ኮንጋ፣ በመስጊዳችን ግቢ ከውዱእ ማድረጊያው ጀርባ፣ አንድ ነገር ዝናብ ላይ ተጥሎ አየሁ። ጠጋ ብዬ ሳየው የጀናዛ ቃሬዛችን ነው። ሁለት ረጃጅም ቀርከሃ፣ መሃሉ በጠፍር የተጠላለፈ። ስንቱን አባት፣ ስንቷን እናት ወደ መቃብር የሸኘንበት ነው። ወጣቶቻችን ገንዘብ አሰባስበው ከዲላ በብየዳ የተሠራና ቀለም የተቀባ የብረት ቃሬዛ አምጥተዋል። ኒያቸው መልካም ነው፤ እኔም አዋጥቻለሁ። አሮጌው ግን «ያሳፍራል» ተብሎ ወደ ጓሮ ተወረወረ።

ቃሬዛውን የሠሩት ሽማግሌ አሁንም በሕይወት አሉ። ዐስርን ከእኛ ጋር ነው የሚሰግዱት። የዚያን ቀን ከሰላት በኋላ በዚያ በኩል ሲያልፉ አዩት። ቆም አሉና «ልጄ፣ ማገዶ ልታደርጉት ከሆነ ለእኔ ስጡኝ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። እኔን ግን ቃሉ እስከ ዒሻ ድረስ አላስቀምጥ አለኝ። ማታ ኪታቦቼን አወጣሁና ከዚህ በፊት ያነበብኩትን አንድ ታሪክ ፈልጌ ደገምኩት። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያ ታሪክ ምክንያት ነው።

*አስማእ ያየችው ነገር*

የአስማእ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) ስም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ባለቤት ናት። የመካ ሙሽሪኮች ሙስሊሞቹን ሲያሠቃዩ ከባሏ ጋር ባሕር ተሻግራ ወደ ሐበሻ መጣች። እዚሁ ወለደች፣ እዚሁ ልጆች አሳደገች። ወደ መዲና የተመለሱት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኸይበር በተከፈተ ጊዜ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ በምድራችን ላይ ኖራለች ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የሐበሻን ሰው አኗኗር፣ ቤቱንና ዕቃውን በዓይኗ አይታለች።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ልጃቸው ፋጢማ (ረ.ዐ) ታመመች። የታሪክና የሐዲስ ሰዎች እንደዘገቡት ፋጢማን አንድ ነገር ያስጨንቃት ነበር። በዚያ ዘመን ሴት ስትሞት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተኝታ ጨርቅ ጣል ይደረግባት ነበር፤ ጨርቁም የሰውነቷን ቅርጽ ያሳያል። ፋጢማ በሕይወቷ የጠበቀችው ሐያእ በሞቷ እንዳይነካ ፈራች። ይህን ለአስማእ አጫወተቻት። አስማእም በሐበሻ ምድር ያየችውን ላሳያት እንደምትችል ነገረቻት። እርጥብ የዘንባባ ዝንጣፊ አስመጣች። ዝንጣፊዎቹን ጎብጠው እንዲቆሙ ከቃሬዛው ጋር አሰረቻቸው፤ ከላይ ጨርቅ ዘረጋችበት። ድንኳን መሰለ። ውስጡ ያለው ሰው ቅርጹ አይታይም። ፋጢማ በጣም ደስ አላት፤ እሷም ስትሞት እንዲሁ እንዲደረግላት ተናዘዘች። በእስልምና እንዲህ ተሸፍና የተሸኘች የመጀመሪያዋ ሴት ፋጢማ ናት የሚሉ አሉ። ሌሎች ዘገባዎች ደግሞ የእናታችንን የዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ) ስም ይጠቅሳሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የነብዩን ልጅ የመጨረሻ ጭንቀት ያቀለለው አንድ የእጅ ሥራ ነው። የሥራው ሐሳብ የሄደው ከዚህ ምድር ነው። አስማእ ግን ከሐበሻ እንጨት ጭና አልሄደችም። ይዛ የሄደችው ብልሃቱን ነው። መዲና ላይ በእጇ ያገኘችው ዘንባባ ነበርና በዘንባባ ሠራችው። እርጥብ ዝንጣፊ ሳይሰበር እንደሚጎብጥ ታውቃለች። ንድፉን የወሰነው የዝንጣፊው ጠባይ ነው።

*ከጭቃና ከዘንባባ የቆመ መስጊድ*

ይህ የአስማእ ብልሃት ብቻ አልነበረም። የመዲናው መስጊድ ራሱ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) እንዳወሩትና ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ጣሪያው የዘንባባ ዝንጣፊ፣ ምሰሶው የዘንባባ ግንድ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ያንጠባጥባል። ዑመር (ረ.ዐ) መስጊዱን ሲያሰፉ በዚያው ዓይነት ዕቃ ነው ያሰፉት። ሠሪውንም ሰዎችን ከዝናብ እንዲያስጠልል አዘው፣ ሰጋጁን ከሰላቱ የሚያዘናጋ ቀይና ቢጫ ቀለም እንዳያበዛ አስጠንቅቀውታል። በኋላ ዑስማን (ረ.ዐ) በተጠረበ ድንጋይና በኖራ ገነቡት፤ ጣሪያውንም ሳጅ ከሚባል ከሩቅ አገር ከሚመጣ እንጨት አደረጉት። ስለዚህ አዲስ ዕቃ መጠቀም ወይም ከውጭ ማስመጣት በራሱ ነውር አይደለም። የብረቱን ቃሬዛ ላወግዝ አልተነሳሁም።

ሌላም አለ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኹጥባ ሲያደርጉ በአንድ የዘንባባ ግንድ ይደገፉ ነበር። በኋላ የአንዲት ሴት አናጺ አገልጋይ ጋባ ከሚባለው ስፍራ ከመጣ እንጨት ሦስት ደረጃ ያለው ሚንበር ሠራላቸው። ወደ አዲሱ ሚንበር ሲወጡ አሮጌው ግንድ እንደ ግመል ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። እሳቸውም ወርደው እስኪረጋጋ ድረስ አባበሉት። አሮጌውን ዕቃ «ያሳፍራል» ብለው ወደ ጓሮ አልወረወሩትም። ይህን ታሪክ ለልጆች ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ከውዱእ ማድረጊያው ጀርባ የወደቀውን ቀርከሃ እስካይ ድረስ ግን የእኔም ታሪክ መሆኑ አልገባኝም ነበር።

*ሐረር፦ ቤቱ ራሱ ዕቃ የሆነበት ከተማ*

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ዛሬ በየከተማው ወጣቶች ሲያገቡ መጀመሪያ የሚያስቡት «አረቢያን መጅሊስ» ነው። ስፖንጁ፣ ጨርቁ፣ ትራሱ፤ ብዙ ሰው በዱቤ ይገዛዋል። በአምስት ዓመት ውስጥ ስፖንጁ ይሰረጉዳል። እኛ ሙስሊሞች የራሳችን መጅሊስ ለዘመናት እንደነበረን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

የሐረሪ ቤት፣ በእነሱ አጠራር «ጌ ጋር»፣ ውስጡ ሲገባ ወንበር የለም። ሶፋ የለም። በዋናው ክፍል የሚቀመጡበት «ነደባ» የሚባል መደብ ከቤቱ ጋር አብሮ የተገነባ ነው። ነደባዎቹ አምስት ሲሆኑ ከፍታቸው ይለያያል፤ እያንዳንዱም ስምና ባለቤት አለው። «አሚር ነደባ» የአባወራው ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ በሩን ያያል። «ግድር ነደባ» ትልቁ ነው፤ «ትት ነደባ» ትንሹ። «ሱትሪ ነደባ» ደግሞ ፈንጠር ያለው፣ ገለል ያለው ነው፤ ስሙ ራሱ እኛ የምናውቀውን «ሲትር» ያስታውሳል። እንግዳ፣ ሽማግሌ፣ ቤተሰብ፣ እያንዳንዱ ቦታውን ያውቃል። ማንም «እዚህ ተቀመጥ» ሳይባል አደቡን ከቤቱ ይማራል።

ግድግዳው ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ሥራ ነው። ቀን ሙቀቱን ያዘገያል፤ ሌሊት ቅዝቃዜውን። ቁም ሳጥን በመግዛት ፈንታ ግድግዳው ውስጥ መስኮት የመሰሉ ጎድጓዳ መደርደሪያዎች ይሠራሉ። ቁርኣኑና ኪታቡ፣ ሳህኑና ጌጡ እዚያ ይቀመጣል። በጎን «ቂርጣት» የምትባል አነስተኛ ክፍል አለች፤ ሙሽሮች የመጀመሪያ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት። ነደባው በቀይ አፈር ይቀባል። ይህ ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው ተብሎ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይነገራል።

ግድግዳውን የሚሸፍኑት ስፌቶች ናቸው። የሐረሪ ሴቶች ከሣር አገዳ የሚሰፏቸው ሞሰቦችና ሰፌዶች ለዓይን ብቻ አይደሉም። እንጀራ የሚቀርብበት፣ ስጦታ የሚሄድበት፣ ሙሽራ የምትዳርበት ናቸው። ልጃገረዶች ይህን የሚማሩት «ሞያ ጋር» በሚባል የሴቶች መሰባሰቢያ ቤት ነበር። ከታላላቆቻቸው ጎን ተቀምጠው፣ እጃቸው እየሠራ ጆሯቸው እየሰማ። ይህን ስሰማ እናታችን ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ ትዝ ትለኛለች። በእጇ ቆዳ ታለፋና ትሰፋ ነበር፤ የምታገኘውንም ለሚስኪኖች ትሰጥ ነበር። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሚስቶቻቸው ቀድማ የምትከተላቸው ረጅም እጅ ያላት እንደሆነች ተናግረው ነበር፤ ረጅሙ እጅ የዘይነብ ለጋስ እጅ መሆኑ የታወቀው እሷ ስትሞት ነው።

በዚህች ከተማ ቅጥር ውስጥ 82 መስጊዶች ይገኛሉ። በጁገል ግንብ ስማቸው የሚነሳው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ያህል ሲቆይ ስለ ከተማዋ ብዙ መጥፎ ነገር ጽፏል። ስለ ሁለት ነገር ግን ማድነቁን መደበቅ አልቻለም፤ አንዱ በእጅ የሚሸመነው ልብሷ ነው፣ ሌላው የኪታብ ጥረዛዋ። ከተማዋን የሚንቅ ሰው እንኳ እጇን አልናቀም። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

*ከአንድ ግንድ የሚወጣ በርጩማ*

ሐረር ብቻ አይደለም። ጅማ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙ ሙስሊም ንጉሥ ናቸው። ቤተ መንግሥታቸው በአብዛኛው እንጨት ነው፤ ሰገነቱ፣ ደረጃው፣ የተጠረበው ጌጥ። ጅማ የጫካ አገር ናትና ንጉሡም የጫካውን ዕቃ አከበሩ።

የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አይታችሁ ይሆናል። መቀመጫውና እግሮቹ በሚስማር ወይም በሙጫ የተገናኙ አይደሉም፤ ሁሉም ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የሚወጡ ናቸው። እግሩ ሦስት የሆነውም በከንቱ አይደለም። ወለሉ አፈር ነው፤ ወጣ ገባ ነው። አራት እግር ያለው ወንበር ወጣ ገባ መሬት ላይ ይነቃነቃል፤ ሦስት እግር ግን የትም ቢቀመጥ ይረጋል። ይህን ያወቀው ባለ እጅ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። እንጨቱንና መሬቱን አጥንቶ ነው ያወቀው።

*ታዲያ ለምን እናፍራለን?*

ይህ ሁሉ ካለን የቀርከሃ ቃሬዛ ለምን ያሳፍረናል? መልሱ ታሪካችን ውስጥ ነው፤ ደስ የማይል ታሪክ ነው።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሙስሊሞች ርስት እንዳይኖራቸው ተደርገው ለዘመናት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። መሬት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? ነገደ፣ ሸመነ። ስለዚህ ሽመናና ንግድ የሙስሊም ሥራ ተባለ፤ የሙስሊም ሥራ ስለተባለም ተናቀ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ደግሞ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ስድቡ ከመክፋቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መሳደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣት ግድ ሆኖባቸዋል። ሙስሊሞች ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሰላማዊ ሰልፍ ሲወጡ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የመሬት ባለቤትነት ነበር። መሬቱ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው ዐዋጅ ተመለሰ። የሥራ ንቀቱን ግን ዐዋጅ አላጠፋውም።

ሐቁን እንናገር ካልን፣ እኛም ሙስሊሞቹ ከዚህ አልጸዳንም። የተበደልንበትን ንቀት እኛው በሌላው ላይ ደግመነዋል። በየሰፈራችን ሸክላ ከምትሠራ ሴት ልጅ ጋር ጋብቻ ሲነሳ ፊቱን የሚያጠቁር ሙስሊም የለም? ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ሦስተኛውን ስኒ «በረካ» እያልን እንጠጣለን። በረካው የወጣበትን ጀበና የሠራችውን እጅ ግን እንጸየፋለን። ይህ ዲን አይደለም። ይህ ጃሂሊያ ነው።

ዲናችን ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። ኑሕ (ዐ.ሰ) መርከቡን በጣውላና በማያያዣ የሠራ ነብይ ነው። ዳውድ (ዐ.ሰ) አላህ ብረትን ያለዘበለትና ጥሩር መሥራትን ያስተማረው ንጉሥ ነው፤ ከእጁ ሥራ ይበላ እንደነበር ነብያችን ነግረውናል። ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጺ ነበር። ቀጥቃጩን የሚሰድብ ሰው በምን አፉ ነው ስለ ዳውድ የሚያወራው?

*ወደ ኮንጋ ስንመለስ*

እኛ ያለንበት የጌዴኦ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ጉባኤው የተካሄደው በሪያድ፣ በሳዑዲ ዐረቢያ ነበር። የተመዘገበው አንድ ሕንፃ አይደለም፤ መልክዓ ምድሩ ነው። ትልልቅ የአገር በቀል ዛፎች ከላይ፣ እንሰት ከመሃል፣ ቡና ከሥር ሆነው አብረው የሚኖሩበት ጥበብ፣ ከጥንት ትክል ድንጋዮቹና ከተጠበቁት ደኖች ጋር። ዓለም ይህን ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ፣ እኛ ከዚያው ምድር የበቀለውን ቀርከሃ ከውዱእ ማድረጊያ ጀርባ ጣልነው።

በዚህ አገር የሰው እጅ ከምን ጋር እንደኖረ ተመልከቱ። ከደጋው ቀርከሃ ቤት፣ አጥርና ቅርጫት ይሠራል። ከእንሰት ምግብ ብቻ ሳይሆን ቃጫ ይወጣል፤ ገመድ ይገመዳል። ቅጠሉ መጠቅለያ ነው፣ ሲደርቅም ማሰሪያ ነው። ቡናችን የሚደርቅበት አልጋ እንኳ ከአጣና የሚቆም የእጅ ሥራ ነው። ማሳችን በሙሉ የባለ እጅ ሱቅ ነው ብል አልዋሸሁም።

ሽማግሌውን ስለ ቃሬዛው ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ እንዴት ነው የሠሩት?» አልኳቸው። ብዙ ነገር ነገሩኝ። ቀርከሃ ለጋ ሆኖ ከተቆረጠ ነቀዝ ይበላዋል፤ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ነው የሚመረጠው። የሚቆረጠውም በበጋ ነው። ቤት ውስጥ ጭስ ሲመታው ይጠነክራል። ጠፍሩ እርጥብ ሆኖ ይጠላለፋል፤ ሲደርቅ እየሳበ ይጠብቃል፣ ቀርከሃውንም አጥብቆ ይይዛል። ቃሬዛው ለምን ቀጭን እንደሆነ ስጠይቃቸው ወደ ኮረብታው ጠቆሙኝ። «መንገዱን አታይም? በቡናና በእንሰት መሃል ነው። ከባድ ከሆነ ተሸካሚው ጀናዛውን ትቶ እግሩን ነው የሚያስበው» አሉኝ። በአስማእ እጅ ላይ ያለው ዕውቀት እኚህ ሰውዬ እጅ ላይም አለ ብዬ አሰብኩ። ልጃቸው ግን ዲላ ሄዶ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። ከአባቱ አልተማረም። አልፈርድበትም፤ ሰፈሩ ሲስቅበት ነው ያደገው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሁላችንም ቀርከሃ ቆራጭ እንሁን አልልም። ሦስት ነገር ግን ማድረግ እንችላለን። አንደኛ፣ መስጊድ ሲታደስ አሮጌው ዕቃ ከመጣሉ በፊት ማን እንደሠራው እንጠይቅ። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ቤት ከመቀመጥ ብዛት የጠቆረ አሮጌ ሰሌን ነበር። አነስ ውሃ ረጨበት፤ ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው ሰገዱበት። ሁለተኛ፣ አዲስ ነገር ስንፈልግ መጀመሪያ በሰፈራችን ባለ እጅ አለ ወይ ብለን እንፈልግ፤ ካለም ዋጋውን ሳንከራከር እንክፈለው። ሦስተኛ፣ ዲዛይን የምትማሩ፣ አናጺነትና ብየዳ የያዛችሁ ወጣቶች ከመደርደሪያ ፎቶ ብቻ አትቅዱ። ሐረር ሂዱ፤ ነደባ ላይ ተቀመጡ። የጅማን በርጩማ ገልብጣችሁ እዩ። አስማእ እንዳደረገችው ብልሃቱን ውሰዱ፤ ዕቃውን ከምትኖሩበት አፈር ፈልጉ።

ቃሬዛውን ከዝናብ አንስተን ከመስጊዱ በረንዳ ሥር ሰቀልነው። አንዱ ጠፍር ተበጥሶ ነበር። ሽማግሌው ሊጠግኑት ሲመጡ ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝላቸው ሰው ፈለጉ። ከጁሙዓ በኋላ ጥሪ አደረግኩ። አንድ ልጅ መጣ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ይሆነዋል። ጠፍሩን ሲስብ እጁ ተላጠ፤ ግን እስኪያልቅ ድረስ አልለቀቀም።

በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት እንዲሆኑ እመኛለሁ።

አላህ የእጃችንን ሥራ ይባርክልን። ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። ባለ እጅን ከመናቅ ልባችንን ያጽዳልን። በዚያ ቃሬዛ የሸኘናቸውን ወላጆቻችንን ይማርልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።